የሌላ ቤት ደብዳቤ

ባለፈው ዓመት በአንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለአንድ ወዳጄ ምክር ሰጥቼ ነበር። ምክሩ ሲነገር ያማረ፥ ሲሠራ ግን የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። የጥፋቱን ዋጋ የከፈለው ደግሞ ወዳጄ እንጂ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለተኛ ሰው በዚያው ጉድጓድ እንዳይገባ ነገሩን ከሥሩ አንሥቼ ልነግርዎ ወደድሁ። ጉዳዩ ደመወዝ ነው። ይኸውም ሌላ ቀጣሪ «ወደ እኔ ቢመጡ የበለጠ እከፍላለሁ» ብሎ የጻፈልዎን ደብዳቤ ይዞ ወደ ገዛ አለቃዎ በመግባት ጭማሪ ስለ መጠየቅ ነው።

መሸንቲን የማያውቋት እንደ ሆነ፥ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊና በዳንግላ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ትልቁ አውቶቡስ ጡሩንባውን አንድ ጊዜ ነፍቶ ያልፋታል። እኔ በዚህ የሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ወዳጄ ደግሞ ኬሚስትሪ ያስተምራል። በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን፥ ሽሮውንም ሐሳቡንም እየተካፈልን እንኖራለን።

አንድ ቅዳሜ ወዳጄ ከባሕር ዳር ሲመለስ ፊቱ በርቶ አየሁት። ሻይ እስኪቀርብ እንኳ አልታገሠም። ከኪሱ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋልኝ። አንድ የግል ትምህርት ቤት በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ቢሰጥ ሊቀጥረው ፈቃደኛ መሆኑን፥ ደመወዙንም በቍጥርና በፊደል ጽፎለታል። ቍጥሩ ከመንግሥት ከምናገኘው በብዙ ይበልጥ ነበር።

«ታዲያ ምን ታስባለህ?» አልሁት።

«እኔ እንጃ» አለኝ። «እናቴ እዚሁ አጠገብ ናት። ተማሪዎቼንም በዓመቱ መካከል ጥዬ ብሄድ ደስ አይለኝም። እዚሁ ሁኜ ትንሽ ቢጨመርልኝ ኖሮ አልንቀሳቀስም ነበር።»

እኔም በውጭ አገር መጻሕፍት ያነበብሁትን አስታውሼ፥ እግሬን በእግሬ ላይ ጭኜ፥ «ይኸማ ምን ያስጨንቃል! ሰኞ ጧት ደብዳቤውን ይዘህ ዲሬክተሩ ዘንድ ግባ። ካልተጨመረልኝ እሄዳለሁ በላቸው። ያኔ ዋጋህን ያውቃሉ» አልሁት። አባቶቻችንስ ቢሆኑ «ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ይሉ የለም? ይህንንም ተረት ጨመርሁለት። ሻዩን የከፈለው እሱ ነው።

ሰኞ ገባ። ዲሬክተሩ ደብዳቤውን ተቀብለው፥ መነጽራቸውን አድርገው፥ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያም ከወንበራቸው ተነሥተው እጁን ጨበጡትና፥ «እንኳን ደስ ያለህ ልጄ! ይገባሃል። መልቀቂያህን መቼ ነው የምታስገባው? ለወረዳው ምትክ እንድንጠይቅ በጊዜ አሳውቀን» አሉት።

ወዳጄ «ጭማሪ» የምትለው ቃል በጉሮሮው ላይ እንዳለች ወጣ። ማታ ሲነግረኝ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። መሳቅ እንዳልነበረብኝም ቆይቶ ገባኝ። ከማግሥቱ ጀምሮ በመምህራን ማረፊያ ክፍል «ሂያጁ» የሚል ስም ወጣለት። ለአንድ የክረምት ሥልጠና ሰው ሲመረጥ፥ «ለሂያጁ ሥልጠና ምን ያደርግለታል?» ተብሎ ታለፈ። እሱም የዲሬክተሩ ሐሳብ ይለወጥ ይሆናል እያለ ሲጠብቅ፥ የግል ትምህርት ቤቱ የሰጠው ሁለት ሳምንት አልፎ ቦታውን ሌላ ሰው ያዘው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ልዩነቱ፥ ቆጥ ላይ ያወጣሁት እኔ መሆኔ ብቻ ነው።

አሁን እንግዲህ ጥፋቱ ከየት እንደ መጣ እንመርምር። ዲሬክተራችን ክፉ ሰው አይደሉም። እንዲያውም የልባቸውን ደስታ ነው የገለጹት። ነገሩ እሳቸው ዘንድ የደመወዝ ከረጢት የለም። የመንግሥት አስተማሪ ደመወዝ በእርከን የተቆረጠ ነው፤ ጀማሪ መምህር፥ መለስተኛ መምህር፥ መምህር፥ ከፍተኛ መምህር እየተባለ በአገልግሎት ዘመንና በሥራ ምዘና ወደ ላይ ይወጣል። ሁለት ኬሚስትሪ አስተማሪዎች በአንድ እርከን ላይ ካሉ፥ አንዱ ሌሊት ለተማሪ ሲጨነቅ ቢያድር፥ ሌላው ጠመኔውን አስቀምጦ ቢሄድ፥ በወሩ መጨረሻ የሚፈርሙት በአንድ ዓይነት ቍጥር ላይ ነው። ጭማሪ ሲመጣም ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ሲል፥ ይህ የሆነው አንድ ሰው ደብዳቤ ይዞ ስለ ገባ አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚወስነው ነገር ላይ የመሸንቲ ዲሬክተር ምን ሥልጣን አላቸው?

ስለዚህ፥ አንባቢዬ፥ የሌላ ቤት ደብዳቤ ይዘው ከመግባትዎ በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ልበል?» አይደለም፤ «ከረጢቱ በማን እጅ ነው?» የሚለው ነው። ከረጢት በሌለው ሰው ፊት ዋጋ መጥራት፥ በዘበኛው ፊት የባለቤቱን በግ እንደ መከራከር ነው። ዘበኛው ቢስማማም ቢጣላም ገበያው አይሞላም።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ገበያው ውስጥ ስንት ገዢ አለ የሚለው ነው። በአገራችን ለብዙ ዘመን ይህ ዘዴ ያልታወቀው ሠራተኛው ፈሪ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሁለተኛ ገዢ ስላልነበረ ነው። ባንኮች በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ከተወረሱ በኋላ አንድ የባንክ ሒሳብ ሠራተኛ ጌታዬን ልለውጥ ቢል ከመንግሥት ወደ መንግሥት እንጂ ወዴት ይሄድ ነበር? በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ እንዲቋቋም ሲፈቀድ ግን ነገሩ ተለወጠ። አዲሱ ባንክ ሕንጻ መከራየት፥ ካዝና መግዛት ይችላል፤ ዐሥር ዓመት ብድር የመረመረ ሰው ግን ከገበያ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ ከነባሩ ባንክ ማስኮብለል አለበት። አማራ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከ70 በላይ ቅርንጫፎችን ይዞ ነው የተነሣው። ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅና ልምድ ያለው ገንዘብ ያዥ ሲታሰብ፥ በዚያ ሰሞን በባሕር ዳርና በጎንደር ባንክ ቤቶች ስንት ደብዳቤ ከኪስ ወደ ኪስ እንደ ዞረ ይገምቱ።

የቴሌም ነገር እንዲሁ ነው። ስልክ ወደ አገራችን ከገባ መቶ ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳ የስልክ ሙያተኛ የሚቀጥረው ዋና ቤት አንድ ብቻ ነበረ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ባሕር ዳርን ጨምሮ በየከተማው አገልግሎቱን ሲዘረጋ፥ አንድ የኔትወርክ መሐንዲስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሌላ ቤት አለ» ለማለት ቻለ። ሙያው ያው ነው፤ ሰውየውም ያው ነው። የተለወጠው በገበያው ውስጥ ሁለተኛ ገዢ መቆሙ ነው።

ታሪክ አስተማሪ ነኝና እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ብመለስ ይፍቀዱልኝ። ከዚሁ ከእኛ ሐይቅ፥ ከጣና፥ የወጣ አንድ ታሪክ አለና። የሰው ደመወዝ ሳይሆን የአገር ውኃ ነው፤ ዘዴው ግን አንድ ነው።

እንግሊዞች ሱዳንንና ግብፅን ይዘው ሳሉ ለጥጥ እርሻቸው ውኃ ፈልገው ዓይናቸውን በጣና ላይ ጥለው ነበር። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተደረገው ውል፥ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት የዓባይንና የጣናን ውኃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ተጻፈ። ከዚያም በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን እኛን ሳይጠይቁ በደብዳቤ ተለዋወጡ፤ አንዱ በጣና ላይ ግድብ እንዲሠራ ሌላው ይደግፈዋል፥ ሌላው ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ በኢትዮጵያ ላይ እንዲዘረጋ የመጀመሪያው ይደግፈዋል። የቤቱ ባለቤት በሌለበት ቤቱን የተከራዩት ይመስል ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ይህን በሰማ ጊዜ፥ ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ አባል የነበረችበትን የመንግሥታት ማኅበር አቤት አለ።

አቤቱታ ግን አቤቱታ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የተሠራው ሥራ ነው እኔን የሚያስደንቀኝ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተላኩ። ሐኪም ወርቅነህ በልጅነታቸው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኰንን ተወስደው በህንድ አገር ያደጉ፥ የእንግሊዝን ጠባይ ከእንግሊዞች ይልቅ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። እሳቸውም በኒውዮርክ ጄ. ጂ. ኋይት ከተባለ የመሐንዲሶች ኩባንያ ጋር በጣና ላይ ግድብ ስለ መሥራት ተነጋገሩ። ወሬው በ1920 ዓ.ም. በጋዜጣ ሲወጣ ሎንዶን ደነገጠች። እስከዚያ ቀን ድረስ «ኢትዮጵያ ከእኛ በቀር ማንን ታገኛለች?» ብለው ተቀምጠው ነበርና። ኩባንያውም በወሬ አልቀረም፤ ቆይቶ መሐንዲሶቹን ልኮ ሐይቁን አስጠና።

አንባቢዬ፥ ይህ ነገር ስለ ምን ሠራ? በመጀመሪያ፥ ሁለተኛው ገዢ እውነተኛ ነበር፤ በኒውዮርክ ቢሮ ያለው፥ ግድብ ሠርቶ የሚያውቅ። ሁለተኛ፥ እንግሊዝ የምታጣው እውነተኛ ነገር ነበራት። ሦስተኛ፥ ተፈሪ «ካልሰጣችሁኝ እሄዳለሁ» ብሎ አልዛተም፤ መልእክተኛውን ልኮ ሥራውን ሠራ፤ ዛቻውን ጋዜጣው ተናገረለት። ግድቡ ግን በዚያን ጊዜ አልተሠራም። ነገሩ ሲጓተት ቆይቶ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ወረረችን። ደብዳቤ ዋጋ ያስከብራል እንጂ ጦር አያስቆምም። ዛሬ ከባሕር ዳር አጠገብ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ የሚያዩት የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ የተሠራው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ያውም በእኛው ውሳኔ።

ከአገር ወደ ቤት ልመለስ። የአክስቴ ልጅ በባሕር ዳር በአንድ የንግድ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ባለቤቱ በጥሬው ጀምረው በላባቸው ያደጉ ነጋዴ ናቸው፤ ከረጢቱም በእጃቸው፥ እንዲያውም በካፖርታቸው ኪስ ነው። አንድ ባንክ ሊቀጥራት ጽፎላት ሳለ ዝም ብላ ሦስት ቀን አሰበች። ከዚያም በአራተኛው ቀን፥ የወሩን ሒሳብ ዘግታ ካስረከበች በኋላ፥ ገብታ እንዲህ አለቻቸው፦

«ጋሼ፥ ከእርስዎ ጋር መሥራት ደስ ይለኛል። አሁን ግን ሌላ ቤት ይህን ያህል ሊከፍለኝ ጠይቆኛል። እኔ እዚሁ ብቀር ነው የምመርጠው። እርስዎ የሚችሉትን ቢነግሩኝ እስከ ዓርብ አስቤ እመልሳለሁ።»

ልብ ይበሉ፥ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አልወረወረችም። «ካልጨመሩልኝ» አላለችም። ሌላውንም ቤት በስሙ አልጠራችም። ጋሼም ጥቂት አጉረመረሙ፤ «ልጄ፥ ከሰው እጅ አውጥቼ ያሳደግሁሽ» አሉ፤ ቡና አስፈሉ፤ በመጨረሻም የልዩነቱን ግማሽ ጨመሩላት። ቀረች።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እኔም ደስ ባለኝ። በሦስተኛው ወር ግን ጋሼ አንድ የዘመድ ልጅ አምጥተው «ሥራውን አሳዪው» አሏት። ክፋት አልነበረም፤ አላባረሯትም፥ ፊትም አልነሷትም። ግን አንድ ጊዜ እግሯ በደጅ መሆኑን አይተዋልና፥ ነጋዴ እንደ መሆናቸው መጠን ጎተራቸውን በአንድ ምሰሶ ላይ አላቆሙም። እሷም ከዓመት በኋላ በፈቃዷ ለቀቀች። ዛሬ በሰላም ይጠያየቃሉ፤ ለልጅዋ ክርስትናም ሙክት ልከዋል። ጭማሪውን ያገኘችው በሙሉ ሕጋዊ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ያን ቀን ከቤተሰብነት ወደ እንግድነት መዛወሯን አላወቀችም ነበር። ቢነገራት ኖሮ ትተወው ነበር? «አይ፥ ብቻ ቀድሜ እዘጋጅ ነበር» አለችኝ።

በድሮው ዘመንም ጌታ መለወጥ የታወቀ ነበር። አሽከር ጌታው እጁ ቢያጥር ወደ ለጋሱ ጌታ ይሄዳል፤ ደጅ ይጠናል፤ ይገባል። ለጋስነት የሚወደሰው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ያልሰጠ ጌታ ብቻውን ይቀራልና። እንግዲያስ ዛሬ በስብሰባ ላይ «የሠራተኛው ታማኝነት ቀነሰ» የሚሉ አለቆች ምን አዲስ ነገር እንደ ታያቸው እኔ አይገባኝም።

ወደ ቍጥሩ እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ያልተጣራው ደመወዝ ነው፤ ልጅ የሚያሳድገው ግን የተጣራው ነው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በ15፥ በ20፥ በ25ና በ30 በመቶ ደረጃ በደረጃ እየወጣ፥ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ለጡረታም ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል።

ለምሳሌ ያህል አሁን 11,500 ብር የሚያገኝ ሰው 15,000 ብር ልስጥህ ተባለ እንበል። 3,500 ብር ጭማሪ! ፊቱ ይበራል። እስቲ እንቁረጥ። ከ11,500 ብር ላይ 2,100 ብር ግብርና 805 ብር ጡረታ ሲነሣ 8,595 ብር ይቀራል። ከ15,000 ብር ላይ 3,200 ብር ግብርና 1,050 ብር ጡረታ ሲነሣ 10,750 ብር ይቀራል። ልዩነቱ 2,155 ብር ሆነ። ሰውየው በመሸንቲ እየኖረ ባሕር ዳር የሚመላለስ ከሆነና ለመሄጃና ለመመለሻ በቀን 80 ብር ቢያወጣ፥ በ22 የሥራ ቀን 1,760 ብር ይሆናል። የቀረው 395 ብር ነው። ምሳውን አልቈጠርንም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ ክልል መንገድ የሚዘጋበት ቀን እንዳለም ያውቃሉ፤ እንዲህ ባለው ቀን ያልገባ ሠራተኛ በአዲሱ ቤት ምን እንደሚባል አስቀድሞ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆኑ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011ን ማወቅ ይጠቅማል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሊለቅ ሲፈልግ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ይህን ሳያደርግ እብስ ያለ ካሣ ይጠየቃል። ሲለቁ የሥራውን ዓይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን ልክ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለዎት፤ አለቃዎ ስላኮረፉ የሚከለክሉት ጸጋ አይደለም። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ሌላ ነው፤ በአዲሱ ቤት እንደገና ለሙከራ ይቀመጣሉ። ይህም እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አልተስማማኸኝም ብለው ቢያሰናብቱዎ ማስጠንቀቂያም የስንብት ክፍያም የለም። የድሮው ቤትዎ በር ደግሞ ተዘግቷል። በድርጅቱ ገንዘብ ተምረው ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ ብለው ፈርመው ከሆነም ያን ወረቀት ከሣጥን አውጥተው ያንብቡት።

ስለ ውሸት አንድ ቃል ልጨምር። በሌለ ደብዳቤ የሚገቡ ሰዎች አሉ። «ይህን ያህል ሊሰጡኝ ነው» ይላሉ፤ የሰጣቸው ግን የለም። የባሕር ዳር ነጋዴ ከነጋዴ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዓሣ ይበላል፤ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ከሥራ አስኪያጅ ጋር በአንድ ለቅሶ ይቀመጣል። ውሸቱ ከሳምንት በላይ አይኖርም። ከዚህም የከፋው አለቃው «መልካም፥ በሰላም ሂድ» ያለ እንደ ሆነ ነው። ወዴት ይሄዳል? እውነተኛ ደብዳቤ የያዘውም ቢሆን የመሄድ ልብ ከሌለው ከዚህ ሰው ብዙ አይሻልም፤ ወዳጄን ያየነው ነውና። እሱ እንዲቀር እንጂ እንዲሄድ አልቈረጠም ነበር። እኔም ይህን ሳልጠይቀው ነው የላክሁት።

ጊዜም አለው። በጀት ተዘግቶ በነሐሴ ጭማሪ የሚጠይቅ ሰው እህሉ ከታጨደ በኋላ እንደሚያርም ገበሬ ነው። የብዙ ድርጅት የሒሳብ ዓመት በሐምሌ 1 ቀን ይጀምራልና፥ ነገሩን በሚያዝያና በግንቦት ማንሣት ይሻላል። አለቃ በሰው ፊት ሲጠየቅ በሰው ፊት እምቢ ማለት ይገደዳልና ብቻቸውን ሲሆኑ ይግቡ። መልስም ከሰጡዎ በኋላ ለጓደኛ አይንዛዙ፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ወደ ወዳጄ ልመለስና ላብቃ። በቅርቡ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣለት፤ ከሌላ የግል ትምህርት ቤት። አሁን ግን ሻይ ቤት አልወሰደኝም። በክፍሉ ውስጥ እርሳስና ወረቀት ይዞ ከላይ የጻፍሁልዎን ስሌት ሲሠራ አገኘሁት፤ ምሳሌው የእሱ ነው። 395 ብር ላይ ሲደርስ እርሳሱን አስቀመጠና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ፤ ዝም አይነቅዝምና።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቹን ያስብ እንደ ነበር አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፉ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። በዚህ ትንሽ ቍጥር ውስጥ አንድ ልጅ ከመሸንቲ እንዲገባ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰው ጥቁር ሰሌዳው ፊት መቆም አለበት። ይህ ግን ለእሱ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ኪራዩን የሚከፍልለት የለምና። «ለትውልድ ብለህ ቅር» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት ደኅና ቤት ውስጥ ነው።

ሰኞ ጧት እንደገና ዲሬክተሩ ዘንድ ገባ። ደብዳቤውን ቤት ትቶ ነው የሄደው። «ጋሼ፥ ደመወዝ በእጅዎ እንዳልሆነ ገብቶኛል። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ግን በእጅዎ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በቅዳሜና እሑድ ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር እፈልጋለሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ ባይኖረኝ ቀን ሳለ መንገዱን እጀምራለሁ» አላቸው። ዲሬክተሩም መነጽራቸውን አድርገው ድልድሉን ከግድግዳው አወረዱና፥ የዓርብን ሁለት ክፍለ ጊዜ ወደ ማክሰኞ አዛወሩለት። አንዱን የማክሰኞ ሰዓት የሰጠሁት እኔ ነኝ። አሁን ዓርብ ከሰዓት በኋላ እኔ ነኝ የማስተምረው፤ በዚያ ሙቀት የአድዋን ጦርነት ለሚያንቀላፉ ልጆች።

የመጀመሪያ ትምህርቱን የፊታችን ቅዳሜ ይጀምራል። ለግል ትምህርት ቤቱም በሁለተኛው ቀን አመስግኖ መልስ ጽፎ፥ ለሚመጣው ዓመት ቢያስታውሱት ደስ እንደሚለው ገልጾላቸዋል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግን እስከ ዛሬ ስሙ ሂያጁ ነው።